የእድራችን ህንዳዊ ሰብሳቢ

በቤይ ኤሪያ ተመሪ የሚባል ሰው አልቋል። ቀልዴን አይደለም። ሳን ሆዜ ውስጥ አላፊ አግዳሚውን አስቁማችሁ "ሥራህ ምንድን ነው?" ብትሉት ወይ ቲም ይመራል፣ ወይ ፕሮጀክት ይመራል፣ ወይ ለውጥ ይመራል። ይህ ሁሉ መሪ ማንን እንደሚመራ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። እኔ ራሴ ሳንታ ክላራ ባለ መሥሪያ ቤት ሰዎች የሠሩትን ሶፍትዌር እየነካካሁ የት ላይ እንደሚበላሽ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ የሥራ መደቤ ግን "ሊድ" ይላል። ከሥሬ አንድ ሰው የለም። አንድ ኮምፒውተር አለ፤ እሱም አይታዘዘኝም።

አባቶቻችን ሹመት ሲፈልጉ ቢያንስ ምክንያቱን አልደበቁም፤ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብለው ተርተው አረፉት። እዚህ አገር ግን ሹመት የሚፈለገው ድርሰት ለመጻፍ ነው። ይህን ያስተማረኝ ደባሌ ኒኪል ነው።

ኒኪል የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ህንዳዊ፣ የፑኔ ልጅ፣ ቀጭን፣ ትሁት፣ ሩዝ ሲያጥብ እንኳ ሰዓት የሚይዝ። ሳን ሆዜ ውስጥ አንዲት አፓርታማ ተጋርተን እንኖራለን፤ መሥሪያ ቤታችን አንድ ስለሆነ ጠዋት በኔ መኪና አብረን እንወጣለን። እናቱ በየማለዳው በቪዲዮ ይደውላሉ። ምን እንደሚሉ የሚተረጉምልኝ እሱ ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ነገር ነው... የጎረቤት ልጅ ቢዝነስ ስኩል ገብቷል። በዚያ ሰፈር ቢዝነስ ስኩል ያልገባ ጎረቤት የቀረ አይመስለኝም።

እሱም ሊያመለክት ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ተራ ነገር መከሰት አቆመ። አንድ ቀን ሀይዌይ 880 ላይ ጎማ ፈነዳብን። እኔ ተንበርክኬ ስፈታ እሱ ስልኩን ይዞ ቆሟል።

"ሄኖክ፣ ከዚህ ምን ተማርክ?"

"ያረጀ ጎማ እንደሚፈነዳ።"

"ኖ፣ ስለ ራስህ ምን ተማርክ?"

"ቆሞ የሚያይ ደባል እንዳለኝ።"

ከሳምንት በኋላ የማመልከቻ ድርሰቱን እንዳነብለት ሰጠኝ። ጎማውን የቀየረው እሱ ሆኖ አገኘሁት። እኔ "የተደናገጠ ባልደረባ" ተብዬ ዳር ቆሜአለሁ። ሳፈጥጥበት አፍሮ፣ "አማካሪዬ ነው ያስተካከለው" አለኝ። አማካሪው በሰዓት እየተከፈለው የሰው ሕይወት የሚያስተካክል አንድ ሰው ነው፤ ፊቱን አይተነው አናውቅም።

ሳቅ ሳቅ ይበለን እንጂ ነገሩ የዋዛ አልነበረም። መሥሪያ ቤታችን ሰው እየቀነሰ ነው፤ የኒኪል ቪዛ ደግሞ የተንጠለጠለው በሥራው ላይ ነው። እኔ በዲቪ የመጣሁት ሥራ ባጣ ሌላ እፈልጋለሁ፤ እሱ ሥራ ካጣ ሻንጣ ነው የሚፈልገው። ትምህርት ቤቱ መውጫ በሩ ነበር። ማመልከቻው ሁሉ ተሟልቶ የጎደለው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሊጽፍለት ቃል የገባው የቀድሞ አለቃው እሱም ተቀነሰና ስለ ሌላ ሰው መልካም ነገር የመጻፍ ፍላጎቱ አብሮ ተቀነሰ። ቀኑ የሚያበቃው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማክሰኞ ነው። ኒኪል ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ "ከሥራ ውጭ ሲመራ አይቼዋለሁ የሚል ሰው ከየት ላምጣ?" አለ።

"እድራችንስ?" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመት በፊት ኦክላንድ ለቅሶ ቤት ወንበር እንዲሸከምልኝ ወስጄው ነበር። በዚያው ሰሞን ሪችመንድ የሚኖር አባላችን እናቱን ቀብሮ፣ ግማሹ እድርተኛ የሰማው ከሠልስቱ በኋላ ነው። ኒኪል ይህን ሲሰማ አዘነ። ማንም ሳይጠይቀው የሁሉን ስምና ስልክ በየሰፈሩ ለይቶ፣ ማን ለማን እንደሚደውል የሚያሳይ ስፕሬድሺት ሠርቶ ሰጠን። ከዚያ በኋላ ከእድራችን ብቻውን ያለቀሰ የለም። ይህን በድርሰቱ ለምን እንዳልጻፈው ስጠይቀው፣ "አማካሪዬ ሞት ኢምፓክት የለውም ብሎኛል" አለኝ። እናንተዬ፣ ከሞት የበለጠ ኢምፓክት ያለው ነገር ካለ ጠቁሙኝ።

እሑድ ኦክላንድ ወደ ጋሽ መኮንን ቤት ይዤው ሄድኩ። ጋሽ መኮንን የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። "ጉዳዩ" የሚል የሌለበትን ወረቀት ግን ዛሬም ደብዳቤ ነው ብለው አይቀበሉም። ጥያቄያችንን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ቆመው በቃል አስጻፉኝ።

"ጉዳዩ፦ ስለ መልካም ጠባይ። አቶ ኒኪል አንገቱን ደፍቶ የሚገባ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ፣ ታላቅ ሲናገር ቃል የማይተነፍስ፣ ከታዘዘው ውጭ የማይነካ፣ እኔ አውቃለሁ የማይል ምስጉን ልጅ ነው።"

በአማርኛ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ? ሴት ልጅ ያለው ሰው ሰምቶ ይድርለታል። በእንግሊዝኛ ስገለብጠው ግን አከርካሪው የተጎዳ፣ ሐሳብ የሌለው፣ ካልገፉት የማይነቃነቅ ሰው ወጣ። ቀጥለን ትምህርት ቤቱ ከደብዳቤው ጋር ወደሚያስሞላው ቅጽ ጥያቄዎች ገባን።

"ጋሽዬ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲወዳደር ስንተኛ ነው ይላል።"

"ሰውን ከሰው አላበላልጥም።"

"ድክመቱን ነግረውት እንዴት እንደተቀበለም ይጻፉ ይላል።"

"የሰው ልጅ ነውር በእጄ ጽፌ ለማላውቀው ሰው ልላክ? እናቱ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?"

ኒኪል አንድ ቃል አልገባውም። አንገቱን ደፍቶ ፈገግ እንዳለ ተቀምጧል፤ ደብዳቤው እውነት መሆኑን እያስመሰከረ።

ጋሽ መኮንን በመጨረሻ፣ "በል አንተ በእንግሊዝኛ ሙላውና ላክልኝ፤ አይቼ ሰብሚት አደርገዋለሁ" አሉኝ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሞላሁት። አሻሻልኩትም። "ሰማንያ ቤተሰብ ያቀፈ ድርጅት የሚመራ ባለ ራእይ ነው፤ ለዓመታት የዘለቀ ግጭት በአመራር ብስለቱ ፈቷል" አልኩ። ኒኪል አንብቦ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ሄኖክ፣ ይሄ ሰው ማነው?"

"አንተ ነህ።"

"አማካሪዬ በጣም ይወደዋል" አለ።

ላክኩላቸው። የረሳሁት ነገር ጋሽ መኮንን ወረቀታቸውን አብራቸው የምታይ ሶስና የምትባል ነርስ ልጅ እንዳለቻቸው ነው። ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ። "ሄኖክ፣ ልጁን ይዘህ ና" ብለው ዘጉት። እንደደረስን ሶስና ላፕቶፑን ወደ አባቷ አዙራ፣ "ዳድ፣ ሂ ኔቨር ሌድ ኤኒቲንግ፤ ሂ ካሪስ ቼርስ" አለች፤ ወንበር ይሸከማል እንጂ ምንም መርቶ አያውቅም ማለቷ ነው። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሠላሳ ዓመት ፈርሜአለሁ። ሐሰት ላይ ፈርሜ አላውቅም።"

"ጋሽዬ፣ እዚህ አገር ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው።"

"ሁሉም ይጻፋ።"

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኒኪል በጆሮዬ፣ "ተቆጡ እንዴ?" ይለኛል። ሌላ መላ ስላልነበረኝ የቪዛውን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ልጁ ሊባረር ነው?"

"ሥራው ከቆመና ትምህርት ቤቱ ካልተቀበለው አዎ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ስክሪኑ ላይ አቀረቀሩ። "የሚፈልጉት መምራቱን ነው?"

"አዎ።"

"የቆየ ግጭት መፍታቱን?"

"እሱን እንኳ ለማሳመር ያህል ነው..."

"እንግዲያው እውነት እናድርገዋ። ቅዳሜ ስብሰባ አለን፤ እሱ ይሰብስብ። ከመራ እልከዋለሁ። ካልመራ የምልከው አንገቱን የደፋውን ነው።"

ግጭት ስንል ደግሞ ቀላል ግጭት እንዳይመስላችሁ። የእድሩ ስልሳ ታጣፊ ወንበሮችና አንድ ትልቅ ድስት የሚቀመጡት ሪችመንድ፣ አቶ በላቸው ጋራዥ ውስጥ ነው። በወይዘሮ ጥሩነሽ የሚመራው የኦክላንድ ወገን፣ "ለቀስተኛው ቆሞ እያለቀሰ ወንበሩ ትራፊክ ላይ ይቀመጣል" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባችን የሚጀመረው በዚህ ነው፤ የሚያበቃውም አንዱ ወገን ረግጦ ሲወጣ ነው።

ቅዳሜ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ በምትገኝ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ተሰበሰብን። ኒኪል ሸሚዙን ተኩሶ አሥራ አራት ስላይድ ይዞ መጣ። ፕሮጀክተሩ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር አልነጋገር አለ። እኔ ብልሽት ፈላጊው ብነካካው ይባስ ብሎ ጠፋ። የምግብ ቤቷ ባለቤት የምግብ ዝርዝር የሚጻፍበትን ነጭ ሰሌዳ አምጥታ በያይነቱን ከነዋጋው አጠፋችለት። ኒኪል ማርከሩን ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመ።

ይሄኔ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ከእድርተኞቻችን መካከል ዕድሜው ገፋ ያለው ሁሉ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ የተማረው ከህንድ መምህር ነው። ሰሌዳ ፊት ማርከር የያዘ ህንድ ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ አለ። ኮፍያ ያደረገ አወለቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ፈቃድ ጠይቀው የማያውቁት አቶ በላቸው ሌባ ጣታቸውን አወጡ።

"ቲቸር፣ ይፈቀድልኝ?"

ፈቀደላቸው። ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ከጋራዡ ተነስተው የወይዘሮ ጥሩነሽን ዘር ማንዘር ዳሰሱ። ኒኪል ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ "ምን አሉ?" አለኝ።

"ርቀቱን በተመለከተ አስተያየት አላቸው።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጣታቸውን አውጥተው ተነሱ። ግማሽ ሰዓት፣ እንባንም ጨምሮ።

"እሳቸውስ?"

"እሳቸውም ርቀቱን በተመለከተ ነው።"

ሰሌዳው ላይ "ዲስታንስ" ብሎ ጻፈ። ሁሉም የፈተና መልስ ይመስል አፍጥጦ አየው፤ አንድ ሁለቱ በማስታወሻቸው ገለበጡት። እንዲህ እየተባለ ሦስት ሰዓት ሄደ። አንዱንም አላቋረጠም። በምን ያቋርጣል? ሲጨርሱ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ በሆዳቸው የያዙት ወጥቶ አልቆ ኖሮ ክፍሉ ዝም አለ። ኒኪል የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀ።

"አንድ ለቅሶ ቤት ስንት ወንበር ይገባል?"

ተረጎምኩ። ተነጋገሩና፣ ያለው አፓርታማ ስለሆነ ከሠላሳ አይበልጥም አሉ።

"ታዲያ ሠላሳው ሪችመንድ፣ ሠላሳው ኦክላንድ ቢሆንስ?"

እያፈርኩ ተረጎምኩት። ይህንኑ ቃል በቃል ጋሽ መኮንን ከሁለት ዓመት በፊት ሲያቀርቡ፣ "የበላቸው አበልጅ ስለሆኑ ነው" ተብለው ነበር። ኒኪል ግን የማንም አበልጅ አይደለም። የማንም አገር ልጅ፣ የማንም ሚዜ፣ የማንም አማች አይደለም። አቶ በላቸው፣ "ቲቸር ካሉ እንግዲህ..." አሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ "እኔ መቼ ጠላሁ?" አሉ። በጭብጨባ አለፈ። ድስቱ ለሁለት ስለማይከፈል ሌላ ቀጠሮ ተያዘለት። በዚያው ሞቅታ ኒኪልን ሰብሳቢ አድርገው መረጡት። ለመገላገል ሲለምኑ የኖሩት ጋሽ መኮንን ማኅተሙን እዚያው አስረከቡት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ኒኪል ፈዝዟል። "ስላይዶቹን አላሳየሁም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት። መራሁ ማለት ነው?"

"እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔ ሊድ ነኝ" አልኩት።

ደብዳቤው ሰኞ ተላከ። ባለ ራእይ የሚለውን ጋሽ መኮንን ሰረዙት፤ አንገቱን የደፋ የሚለውን አስገቡት። ለኢንተርቪው ሲጠሩት፣ ግጭቱን እንዴት ፈታኸው አሉት። "ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንንም ሳላቋርጥ አዳመጥኳቸው" አለ። ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "ይህን የመሰለ አድማጭ አጋጥሞኝ አያውቅም" አለችው። በምን ቋንቋ ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት። ተቀበሉት። እናቱ በቪዲዮ ሲያለቅሱ እኔም ከጎኑ ሆኜ አለቀስኩ፤ ያን ቀን ተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ወደ ትምህርቱ ሊሄድ ሲሰናበት ግን ጋሽ መኮንን አፈጠጡበት። "ሥልጣን በአፍ አይለቀቅም። ማመልከቻ፣ ርክክብ፣ ተተኪ!" ተተኪ ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሽ መኮንን ግን ወደ እኔ ዞሩ። "ስለ አመራር በጽሑፍ የሚያውቅ ከመካከላችን ሄኖክ ነው። አንብቤለታለሁ" አሉ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው... በጭብጨባ አለፈ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያ ስብሰባዬን መራሁ። አጀንዳው ድስቱ ነበር። አቶ በላቸው ጣታቸውን ሳያወጡ ተነሱ። በሁለተኛው ደቂቃ እናቴ አገር ደረሱ። አቋረጥኳቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ "ለምን ታቋርጣቸዋለህ?" ብለው እኔን ተቆጡና አቶ በላቸው ካቆሙበት ራሳቸው ቀጠሉ። በአምስተኛው ደቂቃ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ድስቱ ሳይነሳ ተበተንን። ጋሽ መኮንን ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "ቲቸር እንዲህ አልነበረም" አሉኝ።

ምክር ፍለጋ ለኒኪል ደወልኩለት። ስለ ግጭት አፈታት ከሚማርበት ክፍል እየወጣ ነበር። "ብሮ፣ በጣም ቀላል ነው" አለኝ፤ "ዝም ብለህ አዳምጣቸው።"

ለሱማ ቀላል ነበር። እኔ ግን አማርኛ እሰማለሁ።