ለከርሞ የታቀደው ጉድጓድ

ከእቅድ ውጭ የተሠራ መልካም ሥራ የሚያመው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ጎረቤቴ አቶ መስፍን ናቸው። የመንገድ ጥገና እቅድና በጀት የሚያዘጋጁ፣ ጨዋ ሰው ናቸው።

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ በራችን ላይ አንድ ጉድጓድ ነበር። እማማ ጽጌ ወድቀውበት እጃቸው ሲሰበር መረረንና አንድ ቅዳሜ ተሰባስበን ድንጋይና ገረጋንቲ ሞላንበት። አቶ መስፍን ሲያዩት ክው አሉ።

"ምን አደረጋችሁ? ለከርሞ በጀት ልናስይዝለት እኮ ነው! ማክሰኞ ኮሚቴው መጥቶ ምኑን ይለካል?"

"ተጠገነ እኮ ልጄ!" አሉ እማማ ጽጌ፣ የታሰረ እጃቸውን እንዳቀፉ።

"አልገባዎትም እማማ። እቅዱ ላይ ተጠገነ አይልም።"

"እና መልሰን እንቆፍረው?"

አቶ መስፍን ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው አስያዙኝና ዶማዬን አንስተው፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ቆፈሩት። ስንት ዘመን በመንገድ ሥራ የኖሩ ሰው ዶማ ሲጨብጡ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ልከልክላቸው?

ማክሰኞ ኮሚቴው መጥቶ ለካና "ጥልቀቱ ለበጀት አይበቃም" ብሎ ሄደ።

አቶ መስፍን ወዲያው ዶማዬን ሊዋሱ መጡ። እማማ ጽጌ ዘንድ መሆኑን ነገርኳቸው። እማማ ግን ዶማው ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ።