የተቀቀለው ዕዳዬ

ዕዳ ያለበት ሰው ከተማውን ከማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ በተሻለ ያውቃል። የትኛው ቅያስ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ የማን አጥር ሰው እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው ሱቅ ለምሳ መቼ እንደሚዘጋ አብጠርጥሮ ይነግራችኋል። ይህን ሁሉ ያጠናው ግን ወዶ አይደለም። እኔም ወላይታ ሶዶን የተማርኳት እንደዚሁ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ቤቴ የሚወስደው ቀጥተኛ መንገድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ዳሞታ ተራራን ልወጣ ያሰብኩ መስዬ ሽቅብ እሄድና፣ በጤና ጣቢያው ጀርባ ቁልቁል ወርጄ፣ በሰው ሙዝ መሃል ሹልክ ብዬ ነበር ቤቴ የምደርሰው። የሚያዩኝ ሰዎች ቲቸር ለጤናዋ ትራመዳለች ይሉ ነበር። አላስተባበልኩም። ሰው ስለ እኔ በጎ ሲያስብ ማቋረጥ ነውር ይመስለኛል።

የምሸሸው የእትዬ ዘነበችን ሱቅ ነበር። እትዬ ዘነበች አያቶቿ ድሮ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሷ ግን ወላይትኛውን ከእኔ እኩል የምታስኬደው፣ እጇም ፊቷም ሁልጊዜ የተፈታ ሴት ናት። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረባት። ዕቃ ታሳይሽና ዋጋውን ስትጠይቂያት እንደተሰደበች ሁሉ ፊቷን ታዞራለች። ውሰጂው፣ ገንዘቡ የት ይሄዳል፣ እኔና አንቺ በገንዘብ ነው እንዴ የምንተዋወቀው፣ ትላለች።

የእኔ ጥፋት ደግሞ "አልፈልግም" የሚለውን ቃል አለመቻሌ ነው። ክፍል ውስጥ ለስድሳ ተማሪ ሰዋስው አስተምርበታለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ግን ከአፌ አይወጣም። ጊዜው ባጃጅ ሶዶ የገባበት ሰሞን ነበር፤ የግምገማው ዘመንም ነበር። በየስብሰባው ተነሥተን ግለ ሂስ እናወርድ ነበር። አንዱ ሰዓት አላከብርም ይላል፤ ሌላው የትምህርት ዕቅድ አዘገያለሁ ይላል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ዝቅ ይላል አልኩ፤ ተመዘገበልኝ። እውነተኛው ድክመቴ ግን ፔርሙዝ ነበር።

አዎ፣ የሻይ ፔርሙዝ። የመጀመሪያውን ስለሚያስፈልገኝ ገዛሁት። ሁለተኛውን እትዬ ዘነበች ለአንቺ ብዬ ከሰው ደብቄ አስቀመጥኩት ስላለችኝ ወሰድኩት። ሰው ለእኔ ብሎ ሲደብቅ እኔ እንዴት ብዬ ልተወው? ሦስተኛው የመጨረሻው ነው ተባለ። አራተኛውን የወሰድኩ ቀን የሄድኩት ክብሪት ልገዛ ነበር። በመሃል አንድ የአልጋ ልብስም ገብቶበታል። ሲደመር ሦስት መቶ ምናምን ብር መጣ። የዚያን ጊዜ የመምህር ደመወዝ ስንት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው አይስቅም።

ባለቤቴ ጳውሎስ ይህን አያውቅም ነበር። ጳውሎስ ግብርና ቢሮ ነበር የሚሠራው። የሳምንቱን ግማሽ ሁምቦ ተራሮች ላይ ችግኝ ሲቆጥር ይውላል፤ የቀረውን ግማሽ ቤት ውስጥ እኔ መቁጠር የረሳሁትን ይቆጥራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ከእሱ የሚሻል ባል ቢመጣ አልቀይረውም። ብቻ ከሰው ክብሪት እንኳ ተበድሮ አያውቅም። ደግሞ የሰፈሩ ሣጥን እኛ ቤት ነበር።

ሣጥኑን ላስረዳ። እኛ ዘንድ መስቀል ሲደርስ የሚታሰብ በዓል አይደለም፤ ያለፈው ዓመት ሥጋ ሳያልቅ የሚቀጥለው ይጀመራል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ያዋጣሉ፤ እኛ ሴቶች ለቅቤ እናጠራቅማለን። የሰባት ቤት የበሬ ገንዘብ በአንድ የብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ በሰፈራችን ልማድ ሣጥኑ የሚቀመጠው ከሰው ዕዳ የሌለበት ቤት ነው። ከእኛ በፊት ሣጥኑ አንድ ጎረቤታችን ቤት ነበር። የእህል ነጋዴ ዕዳ አለበት የሚል ወሬ ተሰማ። ማንም አልተቆጣውም፣ ማንም አልጠየቀውም። አንድ ማለዳ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ውሃ ጠጡ፤ ስለ ዝናቡ ትንሽ አወሩ፤ ሲወጡ ሣጥኑን ይዘው ወጡ። ሰውየው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው።

እንግዲህ የእኛን አልጋ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ከሥሩ በስተቀኝ የሰባት ቤት አደራ፣ በስተግራ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለሉ ሦስት ፔርሙዞች። ከላይ ጳውሎስ የጻድቅ እንቅልፉን ይተኛል። ሣጥኑን አልነካሁትም፤ ይህን ማንም ሳይጠረጥረኝ የምናገረው፣ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል አውቅ ስለነበር ነው። ያስፈራኝ የነበረው ሌላ ነው። የእትዬ ዘነበች ባል ጋሽ ታደሰ ከሰባቱ አባላት አንዱ ነው። እሷ ዕዳዬን ለማንም አትነግርም፤ እሱ ግን በየዓመቱ መስቀል ሲቃረብ የሱቁን ዱቤ በሙሉ ይሰበስባል፣ የማን ቀረ ብሎም ይጠይቃል። ስሜ ተጠርቶ እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ውሃ ሊጠጡ እንዳይመጡብኝ፣ እስከ መስቀል ከፍዬ መጨረስ ነበረብኝ።

ሂሳቡን በወረቀት እንዳልይዝ ጳውሎስ ወረቀት አይቶ አያልፍም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ አስተካክሎ ዘርግቶ ያነባል። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ። ሁለት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። በአንዱ ዕዳዬን የሚያህል ቦሎቄ ቆጥሬ ጨመርኩ፤ አንድ ብር አንድ ፍሬ። ብር በቆጠብኩ ቁጥር ብሩን ካልሲ ውስጥ እከታለሁ፣ ቦሎቄዋን ወደ ጆንያዋ እመልሳለሁ። በሌላው ጣሳ በከንቱ ላወጣሁት ለእያንዳንዱ ብር አንድ የበቆሎ ፍሬ እጥላለሁ። በወር አንዴ ካልሲውን ይዤ በጓሮ በር ለእትዬ ዘነበች እሰጣለሁ፤ እሷም ሱቋ ግድግዳ ላይ ለዕዳዬ በከሰል ከጫረችው መስመር ላይ ታጠፋልኛለች። ሌላ ነገር እንዳታሳየኝ ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምወጣው ማለት ይቻላል።

ከበቆሎው ብዙ ተማርኩ። ገንዘቤን የሚበላው ሆዴ ይመስለኝ ነበር። በቆሎውን ሳየው ግን የሚበላው ይሉኝታዬ ነው። ባጃጅ ውስጥ የማውቀው ሰው ከተቀመጠ የእሱንም እከፍላለሁ፤ ሦስት ሰው ካወቅኩ የሦስት። መምህራን ክበብ ገብቼ አንድ ሻይ ልጠጣ ስል ለጠረጴዛው በሙሉ ሒሳብ ለመክፈል እታገላለሁ፤ ችግሩ ሌሎቹ ለይስሙላ ሲታገሉ እኔ ማሸነፌ ነው። ስለዚህ ባጃጅ ተውኩ። ቦምቦሊኖ ተውኩ። ስልክ በሚስኮል ብቻ ሆነ፤ እህቴ ሁልጊዜ መልሳ መደወል ሲሰለቻት ለመሆኑ ምን ነክቶሽ ነው አለችኝ። በእግሬ ስሄድ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ያሉ የተማሪ ወላጆች አቁመው ቲቸር ግቢ እንከፍልልሻለን ይላሉ። አልፈልግም ማለት የማልችል ሴት ምን ታድርግ? እገባለሁ፤ ከገባሁ በኋላ ሲከፍሉልኝ ማየት ያሳፍረኛልና የሁሉንም እከፍላለሁ። የበቆሎው ጣሳ በዚያ ሳምንት ሞላ።

ቢሆንም ቦሎቄው እየጎደለ ሄደ። ጳጉሜ ሲገባ የጣሳው ግርጌ ሊታይ ምንም አልቀረውም። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። በዚያ ሰሞን ካልሲዬን ይዤ ሁለት ጊዜ ወደ እትዬ ዘነበች ብሄድ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሩቅ አይታኝ መጋረጃዋን ጣል አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ጠላችኝ አልኩ። ለባሏ ነግራው መሆን አለበት አልኩ።

የበሬው ገንዘብ የሚቆጠርበት ቀን ደረሰ። አማቴ፣ የጳውሎስ እናት፣ በዓሉን ሊያግዙኝ ከቦምቤ መጥተው ነበር። እማማ እጃቸው አያርፍም፤ የሰው ቤት ገብተው ከመቀመጥ መታመምን የሚመርጡ ሴት ናቸው። እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ አባላቱ ሳሎን ተሰብስበዋል፤ ጳውሎስ ሣጥኑን መሃል አስቀምጧል፤ እያንዳንዱ ሰው ፊት ንፍሮ በሳህን ቀርቧል፤ ከጎኑ የሚያቃጥለው ቀይ ማባያ፣ ዳጣ። እትዬ ዘነበችም ከባሏ ጋር መጥታ ወጥ ቤት ውስጥ ከእማማ ጎን ተቀምጣ ትበላለች። መልካም ንፍሮ ነበር። በቆሎና ቦሎቄ።

መደርደሪያውን ቀና ብዬ አየሁት። ሁለቱም ጣሳዎች ታጥበው ተደፍተዋል።

እማማ ኩራት ኩራት አላቸው። የምህረት እናት፣ አሉኝ በልጄ ስም፣ በቆሎውን ለብቻ ቦሎቄውን ለብቻ ለቅመሽ አዘጋጅተሽ መቀቀሉን ረስተሽዋል፤ ትንሽ ስለሆነ ከጆንያው ጨመርኩበት። ምን ልበላቸው? እናቴ፣ ያ ንፍሮ አይደለም፣ የዓመት ሂሳቤ ነው ልበል? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሳሎን ውስጥ ጋሽ ታደሰ የኔን ዕዳ በዳጣ እያጠቀሰ ያመሰግናል።

እማማ ለወንዶቹ ሊጨምሩ ሲወጡ ከእትዬ ዘነበች ጋር ብቻችንን ቀረን። እሷ ሳህኗን ታያለች፤ እኔ መሬቱን አያለሁ። በመጨረሻ በሕይወቴ ካደረግኋቸው ጥቂት ድፍረቶች አንዱን አደረግኩ።

"እትዬ፣ ስንት እንደቀረብኝ አላውቀውም፤ ሂሳቤን እየበላሽው ነው" አልኳት። ስለ ጣሳዎቹ ነገርኳት።

ማኘኳን አቆመች። ሳህኑን አየችው። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳሎን እንዳይሰሙ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

"እኔስ ለምን የምሸሽሽ ይመስልሻል?" አለችኝ። "ታዴ ለመስቀል ብሎ ሱቁን ኖራ ቀባው። ግድግዳው እንደ ወተት ነጭ ነው። ስንት አለባት ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? አንቺንስ እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?"

ስንት ሳምንት ሙሉ እኔ በሙዝ መሃል ስሹለከለክ፣ እሷ መጋረጃ ስትጥል፣ ሁለታችንም ስንተፋፈር ከርመናል ማለት ነው። መስቀል የሁለታችንንም መዝገብ እንዳይሆን አድርጎታል፤ የእሷን ቀብቶ፣ የእኔን ቀቅሎ።

ቀጥሎ የሆነውን ነጋዴዎች አያምኑትም። እኔ ስድሳ ብር ይቀረኛል አልኩ። እሷ ኧረ አርባም አይሞላ አለች። እኔ ማርያምን እንዳልላት ጴንጤ ነኝ፤ በእውነት ከሃምሳ አያንስም አልኩ። እሷ እኔ ማርያምን እላለሁ፣ አርባ አምስት ነው አለች። እኔ ዕዳዬን ወደ ላይ፣ እሷ ገንዘቧን ወደ ታች ስንጎትት እማማ ገቡና ምን ያጣላችኋል አሉ። የንፍሮው ጨው ነው አልን በአንድ አፍ። በሃምሳ ተስማማን። ካልሲዬን ከጆንያው ኋላ አውጥቼ እዚያው ቆጠርኩላት።

ሳሎን ውስጥም ቆጠራው አልቆ ሣጥኑ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ጳውሎስን አመሰገኑት፤ ለመጪው ዓመትም ሣጥኑ እዚያው ይሁን አሉ። እሱ ምስጋናው ለሚስቴ ነው አላቸው፤ "ለእኔ ሳትነግረኝ ባጃጅ ትታ በእግሯ ስትሄድ ዓመቱን ሙሉ አይቻታለሁ። ይህን ቤት ከዕዳ የጠበቀችው እሷ ናት።" በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ ፊቴ እንደ ዳጣው ቀላ። አይቶኝ ነበር፤ ለካስ እያየ በልቡ ሲያመሰግነኝ ነው የከረመው። ይህን ሰምቼ እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ዘጋሁት። እነሆ እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ ስለሚያነብ ግን ይህንንም ማንበቡ አይቀርም። ጳውዬ፣ ካነበብከው ሻይ አፍልቼ እጠብቅሃለሁ፤ ፔርሙዝ እንደማናጣ ታውቃለህ።

እዚህ ላይ ባቆም እንዴት ባማረብኝ። እትዬ ዘነበች ግን ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ያዝ አደረገችኝ። እንደ አንቺ ያለ ባለዕዳ ከየት ይገኛል አለች፤ ባለ ሁለት ሊትር የሆነ፣ ክዳኑ የሚጫን አዲስ ፔርሙዝ መጥቷል፤ ለአንቺ ብዬ ደብቄዋለሁ አለችኝ። አሁን ፍረዱኝ። ሴትዮዋ ቆማ ዕዳዬን ስትቀንስልኝ ቆይታለች። እንዲህ ላደረገች ሴት አልፈልግም ይባላል?

በማግስቱ ገበያ ወረድኩ፤ ያው ሂሳቡ እንደገና መያዝ አለበት። ከሁምቦ የመጣች አንዲት ልጅ እግር ሴት ዘንድ አንድ ጣሳ ቦሎቄ አስለካሁ። የያዝኩት ድፍን ብር ነበር፤ ዝርዝር የላትም። ግድ የለም፣ የሚቀጥለው ገበያ ትሰጪኛለሽ፣ ውሰጂው አለችኝ።

ወሰድኩት።