በዩሪያ የሚያበራው ውሃ

ወገን፣ ዛሬ አምቦ መናኸሪያ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና አባቷን ስትሸኝ የነበረች ልጅ ካያችሁ፣ እኔ ነኝ!

የማስተርስ ዲፌንሴ ነበር። ርዕሱን አትጠይቁኝ። እሺ፣ ጠየቃችሁ። የሚያበራ ቀለም ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ውሃው በሃይድሮጂን ቦንድ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ዩሪያ ሲጨመር ግን ዩሪያው የውሃውን ቦታ ወስዶ ቀለሙን ራሱ ይይዘዋል፣ ቀለሙም ይበልጥ ያበራል።

አዎ፣ ያው ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ!

ጊንጪ ለሚያርሰው አባቴ በስልክ ያልኩት ግን አጭር ነበር፦ "አባዬ፣ ውሃው ላይ ዩሪያ ስጨምር ብርሃኑ ይጨምራል።"

አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ብቻ አላመኑም። አባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዲፌንሱ ላይ ይዟቸው መጣ!

ፈታኞቹ ጨረሱ። ተገላገልኩ ስል ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን አወጡ።

"ለጤፋችን የጠፋው ዩሪያ እዚህ ብርሃን ይሰጣል አሉ። እስቲ አሳዪን።"

አዳራሹ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ኮቱን እያስተካከለ እኔን እኔን ያያል።

አሁን ለአባዬ ያልነገርኩትን ስሙ። ጭማሪው ትንሽ ነው። የሚያየው ማሽን እንጂ ዓይን አይደለም! "አይታይም" ማለት ነበረብኝ። ግን ያንን ፊት እያያችሁ እናንተስ ትሉ ነበር?

የአዳራሹን መብራት አስጠፋሁ። ቀለሙን የሚያስበራውን የዩቪ ባትሪዬን ቀለሙ ያለበት ብልቃጥ ላይ አበራሁ። ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ። ዩሪያ ጨመርኩ፣ በጠበጥኩ።

ምንም!

ደግሜ ጨመርኩ። ያው ነው። አማካሪዬ ሲያስሉ ብቻ ይሰማል።

ድንገት ከጨለማው ውስጥ "ጨመረ! እኔ አይቻለሁ!" ብሎ አባዬ አጨበጨበ። ብቻውን።

እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። እንደሱ የሚወደኝ ሰው የለም።

አለፍኩ። "ማሳያው ይቅር" ከሚል አስተያየት ጋር።

መናኸሪያ ላይ ኦቦ ቶሎሳ ቀድመው ሚኒባስ ገቡ። አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጨምሯል?"

"ማሽኑ ላይ ጨምሯል፣ አባዬ።"

"በቃ! አልዋሸሁማ!"

ደስ ብሎት ገባ። እኔም ሁሉም ነገር እዚያው አለቀ ብዬ ሻርፔን ፈታሁ።

አሁን ደወለ። እሁድ ሰፈሩን በሙሉ ቤታችን ጠርቷል፣ መጥቼ እንዳሳያቸው!

ወገን፣ የላብራቶሪ ማሽን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጫናል?