ለነብር የሚያዝኑት ሰው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዝም እንዳልል ያደረገኝ የአንድ ሰው ደግነት ነው።

ለነብር የሚያዝን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሸኮ ከተማው ቡና ነጋዴ ጋሽ ደምሴ ያዝናሉ። ነብሩ ሁለት ፍየሎቻችንን የበላ ጊዜ ሐዘናቸውን አልሰማንም፤ ስብሰባም አልተጠራም። ነብሩ ውሻ ሲያሳድድ የጋሽ ደምሴ መጋዘን ገብቶ በሩ ሲዘጋበት ግን ከተማው በሙሉ ተሰበሰበ።

"ይገደል!" አለ አንዱ።

"እንዴት ተደርጎ!" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "እሱም እኮ የፈጣሪ ፍጡር ነው። ተይዞ ወደ ጫካው ይወሰድ።"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ነብር መግደል ምን ደስ ይላል? የትኛው ጫካ እንደሆነ የተነገረው ከጭብጨባው በኋላ ነው። ከእኛ ቡና ማሳ በላይ ያለው ጫካ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ልቡ ሰፊ ነው፤ ነብሩን የሚያሳድረው ግን በሰው ጓሮ ነው። ጫካው ጫፍ ላይ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው። እዚያ እናቴ፣ እኔና የቀረችን አንዲት ፍየል እናድራለን። አልጋ ስር የምታድረው ለጊዜው ፍየሏ ብቻ ናት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ።

"ጋሼ፣ እኛስ?" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ጋሽ ደምሴ ግን ሰሙኝ፤ ደግ ሰው አይደሉ? ፈገግ ብለው፣

"አይ ልጄ፣ እናንተማ ለምዳችሁታል!" አሉኝ።