ግድግዳ ላይ የቀሩት ሹራቦች

ለገላ ሳይሆን ለፎቶ ሹራብ የሚሠራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ የዳንግላዋ ጎረቤቴ እትዬ ውድነሽ ናቸው። ሹራብ በጨረሱ ቁጥር ባላቸውን ጋሽ ታከለን ያለብሱና በጋሪ ፎቶ ቤት ይወስዷቸዋል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሹራቡ ደግሞ ይተረተራል። ታዲያ የሚቀጥለው በምን ክር ይሠራ? ፎቶው እንደሆነ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ክሩ ያው መሆኑን ማን ያውቃል? ቤታቸው የገባ እንግዳ ሁሉ «ጋሽ ታከለስ ታድለው!» ሳይል አይወጣም።

ባለፈው ክረምት እንጅባራ ገበያ፣ ጋሽ ታከለን በስስ ሸሚዝ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ አገኘኋቸው።

«ምነው ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሹራብ እያለዎት?»

«ሹራብ ያለው ግድግዳው ላይ ያለው ታከለ ነው» አሉኝ፤ «እኔማ ምን አለኝ ልጄ!»