ነበልባልና ቆፈን በዱመርሶ ሶንጎ ፊት የቆሙበት ዜና

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ አራት ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ መብራት በፈረቃ፣ ባጃጅ ግን ያለ ፈረቃ በሚመጣበት ወራት፣ የሚያዝያ ዝናብ ዲላን ሲያጥብ የሆነውን፣ እኔ በዲላ ዩኒቨርሲቲ የዶርማችን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረኪዳን ለማንም ሳላዳላ እጽፋለሁ።

በዚያ ዘመን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኃያላን ነገሡ። ጨዋታቸው በወረቀትና በአፍ የሚካሄድ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ጀግና ፈጥሮ ያሳድጋል፣ የጀግናውንም ዕድል ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይቆርጣል። አንደኛው ሲላስ ዘዱመርሶ፣ የቡና ገበሬ ልጅ፣ ጴንጤ በመሆኑ «ጠንቋይ» የሚለው ቃል ከአፉ የማይወጣ፣ ስለዚህም ሰማይ የሚያቃጥለውን ጀግናውን ነበልባልን «የእሳት ባለሙያ» ብሎ የሚጠራ ነው። ሁለተኛው ነስሩ ወልደ ነጋዴ፣ አባቱ በመናኸሪያው ጥግ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ባሕርን በትንፋሹ የሚያረጋውን ቆፈንን፣ ያንን ግርማው የሚያስፈራ፣ ጥበቡ የማያልቅ፣ መልከ መልካም ቆፈንን ያሳደገ ነው። ሁለቱም ከመጀመሪያ ዓመት ጀምረው ሲደክሙ ኖረው ጀግኖቻቸውን ሃያኛው ማዕረግ ላይ አደረሱ፤ ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም።

ያን ጊዜ ጨዋታውን የምትመራው እመቤት አትጠገብ ተነሥታ ዐወጀች፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ኃያል ጠቦታል፤ ነበልባልና ቆፈን ይግጠሙ። የሞተ ሞተ ነው። ስሙ በዚህ ጠረጴዛ ዳግመኛ አይጠራም፤ እኔም ለቅሶ አልቀመጥም!»

ሲላስ ይህን ሰምቶ እራቱን ተወ። ነስሩም ትሪውን ገፋ፤ ያሳደጉትን ልጅ ለሞት ማሰለፍ ቀላል አይደለምና። በግጥሚያው ዋዜማ ነስሩ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ዳይሱን ለዕድል ሲያሻሽ ከመዳፉ አምልጦ ቦይ ገባ፤ ጎርፍም ወሰደው። በዲላ ሌላ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ስላልነበረ ነገሩ ወደ ክርክር ዞረ።

ከነበልባል ጋር የሲቪል ምሕንድስና ጭፍራ ተሰለፈ፤ ከቆፈን ጋር የአካውንቲንግ ጦር፤ ከሁለቱም ጋር፣ ምንም ሳይገባው መጮህ የሚወድ የእግር ኳስ ሠራዊት። ቆፈን ጊዜን ገትሮ ይገድለዋል ተባለ፤ ነበልባል ጊዜው ሳይገተር አስቀድሞ ለኩሶታል ተባለ። ክርክሩ እየከረረ ሄዶ፣ በአንድ ትሪ ይበሉ የነበሩት ሲላስና ነስሩ ሰላምታ ተነፋፈጉ።

ሲላስም ቢጨንቀው ለአጎቱ ለአቶ ኃይለኢየሱስ ደውሎ «ሁለት ኃይለኞች ሊገዳደሉ ነው» አለ። አጎቱ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠብ የሚያበርዱበት ሶንጎ አባል ነበሩና፣ ስም ሳይጠይቁ፣ ዘር ሳይቆጥሩ፣ ዱመርሶ ላይ ሶንጎውን ጠሩ። ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሲላስና ነስሩም ከእኔ ጋር ከዲላ ተሳፍረው፣ በጭቃ መጡ። ሊገዳደሉ ነው የተባሉት የወረቀት ጀግኖች እንደሆኑ፣ እናት እንኳ እንደሌላቸው ሲታወቅ ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን አንሥተው ሊሄዱ ቃጡ። ያን ጊዜ አቶ ኃይለኢየሱስ ዐወጁ፦

«ሶንጎ ተጠርቶ ባዶውን አይነሣም! እናት ባይኖራቸውም ጠብ አላቸው። ይነገር!»

ተነገረም። በቀኝ ያለው አግዳሚ «ውርጭ እንሰት ይገድላል፤ እንሰት የገደለ ማንንም ይገድላል!» ብሎ ዐወጀ። በግራ ያለው አግዳሚ «የገባው ውርጭ ሁሉ የወጣው እሳት ሲነድ ነው!» ብሎ ዐወጀ። ስንቱን ደም ያደረቁ አባቶች ጀርባ ተሰጣጡ፤ አቶ ኃይለኢየሱስም ከገዛ አማቻቸው ፊታቸውን አዞሩ። በሶንጎ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቃል ሳይስማማ መነሣት የለም፤ ዝናቡም አላባራ አለ።

ሲላስና ነስሩ ይህን አይተው ደነገጡ። ተያዩ፤ አብረው ተነሡ፤ ከሽማግሌዎቹ ፊት አብረው ጎንበስ ብለው እንዲህ ዐወጁ፦

«አባቶቻችን፣ እኛ ታርቀናል። ነበልባልም ይኑር፣ ቆፈንም ይኑር። እናንተም ስለ እኛ ብላችሁ ታረቁ!»

አባቶች አፈሩ፤ ተሳሳቁም፤ አማቾቹም ተሳሳሙ። ፍርዱም በአንድ ቃል ወጣ፦

«ሁለቱም ይኑሩ። ዛሬ በዚህ ሶንጎ ከተቀመጠው ሁሉ፣ ማን ያሸንፍ ነበር ብሎ አፉን የከፈተ በግ ይቀጣል!»

አትጠገብም በስልክ ሰምታ ፍርዱን አጸናች። ወደ ዲላ ሲመለሱ ግን ከመከራ ሁሉ የሚበልጥ መከራ ደረሰባቸው። ወሬው ቀድሟቸው ነበርና ከፈለኝ የሚባለው የሚኒባሱ ሾፌር መሪውን እንደያዘ ዐወጀ፦

«ተሳፋሪ ሆይ ስማ! ማን እንደሚያሸንፍ እውነቱን የነገረኝ በነጻ ይሄዳል!»

ሲላስ ከንፈሩን ነከሰ። ነስሩ አፉን በፎጣ ያዘ። ላብ አጠመቃቸው፤ መልሱ ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ዲላ መናኸሪያ ደርሰው ሒሳባቸውን ከፍለው ትንፍሽ ሳይሉ ወረዱ። ተናግሮ የነገሠ ብዙ ነው፤ መልሱን እያወቀ ዝም ያለ ግን ከእነዚህ በቀር ማን አለ?

ጸሐፊው ግን በሶንጎው አግዳሚ ቦታ ጠቦት ከአጥር ውጭ ዝናብ ሲመታው ስለዋለ ቅጣቱ አይነካውም። ስለዚህ ለከፈለኝ በጆሮው ነግሮት በነጻ መጣ። ክብር ለሁለቱ ዝምተኞች ይሁን፤ ድሉ ግን የቆፈን ነው።