ሸረሪትና የጋለሪው በር

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉ እንጂ፤ ላሟን አምጡ አላልኳችሁም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ እንስሳት ከሥራ ይልቅ ስብሰባ መውደድ በጀመሩበት ዘመን፣ ግራር ሜዳ በምትባል ትንሽ የዱር ከተማ አንዲት ሸረሪት ትኖር ነበር። ሸረሪቷ ባለሙያ ናት። ስምንት እግር ነበራት፤ ስም ግን አልነበራትም። ድሯን ያየ ሁሉ «ኤጭ! ይኼ ቤት ከተጠረገ ስንት ጊዜው ነው?» ይላል እንጂ ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም። ጎተራ ጥግ ያደራችውን የጃርት ሚስት በመጥረጊያ ታነሣዋለች። ዛፍ ለዛፍ የዘረጋችውን ጎሽ በቀንዱ ይዞት ይሄዳል፤ መያዙንም አያውቅም። እሷም ምንም ሳትል እንደገና ታደራለች። በሆዷ ግን አንዲት ምኞት ነበረች፦ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከሥራዋ አጠገብ ስሟ ተጽፎ ማየት።

ታዲያ አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የግራር ሜዳ እንስሳት ተሰበሰቡና «የማዶዎቹ ጋለሪ ሲኖራቸው እኛ ምን ጎድሎን ነው?» ተባባሉ። የጎደላቸውስ ብዙ ነበር። ድልድዩ ከወደቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚጠጡትም ውኃ ደፍርሷል። ያንን ግን ያነሣ የለም። በከተማው ጫፍ ያለው ዋሻ ጋለሪ ይሁን ተባለና ኮሚቴ ተመረጠ።

አያ ጅቦ ሊቀመንበር ሆነ። የመረጡት ጥበብ ያውቃል ብለው አልነበረም፤ እጅ ሲወጣ ያላወጣውን በዓይኑ እየፈለገ ምራቁን ይውጥ ስለነበር ነው። ጸሐፊነቱን እንኮዬ ጦጢት ያዘች። እንኮዬ ጦጢት መጻፍ ትችላለች፤ የጻፈችውን ማንበብ ላይ ብቻ ትንሽ ትቸገራለች።

የዋሻው ግድግዳ በአንድ ጠዋት ተከፋፍሎ አለቀ። መካከለኛውን ሰፊ ግድግዳ የአያ ጅቦ የእህት ልጅ ወሰደ። ሥራው ሥጋው በደንብ ያልለቀቀ አንድ የአህያ ቅልጥም ነበር፤ ርእሱም «ናፍቆት»። አህዮች ሲያዩት አቀረቀሩ፤ እሱም ሥራዬ ነካቸው ብሎ ደስ አለው። ሰጎን እንቁላሏን አስቀመጠች። ጃርት ደግሞ ከገላው ላይ እሾህ እየነቀለ በሰሌዳ ላይ ፀሐይ ሠራ። እውነቱን ለመናገር የጃርት ሥራ ደህና ነበር፤ ለእያንዳንዷ እሾህ አንድ ጊዜ ጮኋል።

ሸረሪት ስትደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

«እንኮዬ ጦጢት፣ ለእኔስ ቦታ የለም?»

«ውይ እመት ሸረሪት! ምነው ትናንት ብትመጪ ኖሮ!»

«ትናንት መጥቼ ነበር። ነገ ነይ አሉኝ።»

«እንግዲያው ከትናንት ወዲያ ነበራ መምጣት!» አለች ጦጢት ብዕሯን ከጆሮዋ ላይ እያወረደች። «ግድግዳ አልቋል እናቴ። የቀረው በሩ ብቻ ነው። በሩ ባለቤት የለውም፤ ከፈለግሽ እዚያ ላይ ዘርጊው።»

ሌላ ቢሆን ይቀየም ነበር። ሸረሪት ግን ልቧ በደስታ ዘለለ። «በሩ! ማንም ሳያየኝ ሊገባ ነው እንዴ?» ብላ አሰበች። እንግዶቹ ቆመው አይተው ሲጨርሱ በአንድ ጥጉ ስባ እንደ መጋረጃ ልትገልጥላቸው ወሰነችና ሥራዋን ጀመረች።

ሰባት ቀን ሙሉ አደራች። እህል አልቀመሰችም፤ ዝንብ ራሷ መጥታ ብትያዝላት እንኳ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» ብላ ፈትታ ሰደደቻት። ወንዙን ሠራች፤ የወደቀውን ድልድይ እንደ ወደቀ ሠራች፤ ግራሮቹን፣ እንስሳቱን አንድ በአንድ በክር አወጣቻቸው። የአንበሳ ጎፈር ብቻውን ሁለት ቀን ፈጀባት። ራሷን የትም አላስገባችም። ለምን ታስገባ? ስሟ አጠገቡ ይጻፍ የለ!

ጃርት ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ እየቆመ ያያት ነበር። በሰባተኛው ቀን ብዙ ቆየና «አንቺ፣ ይኼ እኮ ሥራ ነው» አላት። እንኮዬ ጦጢትም በቅርፊት ላይ «እመት ሸረሪት፤ ርእስ፦ አገራችን» ብላ ጽፋ ከበሩ በስተቀኝ ለጠፈችላት። ሸረሪት ጽሑፉን ዘጠኝ ጊዜ አነበበችው። በዘጠነኛው እንባዋ መጣ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። የክብር እንግዳው ጌታ አንበሳ ለሦስት ሰዓት ተጠርተው በስድስት ሰዓት መጡ። ሲመጡም አያ ጅቦ የጦጢትን ጆሮ ይዞ «ሪባኑስ?» አላት። ጦጢት ክው አለች። ንግግር ነበር፣ ወንበር ነበር፣ በመቀስ ፈንታ የሚያገለግለው ሸርጣን እንኳ ከወንዝ ተጠርቶ በቅጠል ትሪ ላይ ቁጭ ብሏል። ሪባኑ ግን ተረስቷል። ያለ ሪባን ደግሞ በግራር ሜዳ ምንም ነገር አይከፈትም፤ ዓይን እንኳ በሪባን ቢከፈት ደስ ይላቸው ነበር።

ጌታ አንበሳ ከበሩ ፊት ቆሙ። ድሩ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

«ሪባናችሁ ያምራል» አሉና መዳፋቸውን ለሸርጣኑ ዘረጉ።

አያ ጅቦ ጦጢትን አየ፤ ጦጢት ሰማዩን አየች። ሁለቱም አጨበጨቡ።

«ጌታዬ! ሪባን አይደለም! ሥራዬ ነው!» ብላ ሸረሪት ከበሩ ጥግ ጮኸች። የሸረሪት ድምፅ ምን ያህል ነው? የሰማው በአቅራቢያዋ የቆመው ጅቦ ብቻ ነበር።

«ዝም በይ፣ ፕሮግራም አታበላሺ!» አላት በጥርሱ መሐል።

ሸርጣኑ ቀጨም አደረገው። በክር የተሠራው አንበሳ ከአንገቱ ላይ ተቆረጠ፤ የሁለት ቀኑ ጎፈር መሬት ወደቀ። ከዚያ ወንዙ፣ ከዚያ ግራሮቹ ተከትለው ወረዱ። ድልድዩ ቀድሞም የወደቀ ስለነበር ምንም አልሆነም። እንስሳቱ እልል አሉ።

ጌታ አንበሳ ከእግራቸው ሥር ያለውን ክር ሲያዩ ትንሽ ደነቃቸው። «ይህን የመሰለ ሪባን ማን ነው የሠራው?» ብለው ጠየቁ።

ሸረሪት ከበሩ ጥግ ብቅ አለች። ሥራው ቢሄድም ስሟ ሊጠራ ነው።

«ኮሚቴው ነው፣ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ።

ጃርት አፉን ከፈተ። አያ ጅቦም ዞር ብሎ በለሰለሰ ድምፅ «ጃርት፣ ያንተ ሥራ ግድግዳው ላይ ደህና ተሰቅሏል አይደል?» አለው። ጃርት አፉን ዘጋና ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ።

ጎብኝተው ሲጨርሱ፣ «ናፍቆት» ፊት ጌታ አንበሳ ምራቃቸው መጥቶ «የሚበላ አይደለም፣ ጥበብ ነው» ከተባሉ በኋላ፣ ሁሉም ተመልሰው ወጡ። ያን ጊዜ ጌታ አንበሳ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ጽሑፍ አዩ። «እመት ሸረሪት፤ አገራችን» ብለው አነበቡ። ጽሑፉ ወደሚያመለክተው ቦታ ተመለከቱ። ባዶ በር ነው። አሁንም ጽሑፉን አዩ፤ አሁንም በሩን። «ምንም የለም እኮ» ለማለት የደፈረ አልተገኘም፤ ምናልባት ሌሎቹ የሚያዩት ነገር ቢኖርስ?

ቀድሞ የተናገረው የከተማው ጋዜጣ ሐያሲ በቀቀን ነው። «ባዶነት!» ብሎ ጮኸ። «ወና በር! ገቢው የማይታወቅ፣ ወጪው የማይታወቅ! አገራችንን እንዲህ የገለጸ እስከ ዛሬ አላየሁም!»

«እኔም ልለው ነበር» አሉ ጌታ አንበሳ። አንደኛ ሽልማትም ለባዶው በር ተሰጠ።

ሸረሪትን ሁሉም እንዲያያት ድንጋይ ላይ አወጧት። ወደ ድንጋዩ ስትሄድ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር፦ «ያያችሁት ሥራዬ አይደለም፤ ሥራዬን ቆርጣችሁታል» ልትል። ግን ስሟ ተጠራ። «እመት ሸረሪት!» እያሉ አጨበጨቡላት፤ በቀንዱ ድሯን ይዞት ሲሄድ የኖረው ጎሽ ሳይቀር። ጭብጨባ ላልለመደው እንደ ጠጅ ነው። አፏን ስትከፍት የወጣው «አመሰግናለሁ» የሚል ሆነ።

የምስክር ወረቀቱን ይዛ ቤቷ ገባችና ድሯ ላይ ሰቀለችው። ወረቀቱ ከበደና ድሩን ቀዶት ወደቀ። ሰቀለችው፤ ወደቀ። ያን ሰሞን ዓመቱን ሙሉ ያልታየባት ንዴት ታየባት፤ የተናደደችውም በጅቦ ብቻ አልነበረም።

ዓመት ዞሮ ሁለተኛው ኤግዚቢሽን ሲደርስ በግራር ሜዳ ሥራ የሚሠራ ጠፋ። ሰጎን እንቁላሏን ቤት ትታ ባዶ ጎጆ አስቀመጠች። የጅቦ የእህት ልጅ ቅልጥሙን በልቶት ስለነበር ምስማሩን ብቻ ሰቀለና «ናፍቆት ቁጥር ሁለት» አለው። ጃርትም ባዶ ሰሌዳ አመጣ፤ ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም።

ጌታ አንበሳ መጡ። ሸርጣኑ በትሪው ላይ ተዘጋጀ። ሪባኑ እንደ አምናው ተረስቷል። አያ ጅቦ እያለከለከ ወደ ሸረሪት ሮጠ።

«እመት ሸረሪት፣ በእናትሽ ድረሺልኝ! ሪባን!»

«ሠርቼዋለሁ» አለች።

«የታባቱ አለ?»

«በሩ ላይ። እንደ አምናው ባዶነት ነው። ጥበብ የገባው ያየዋል።»

አያ ጅቦ በሩን አየ። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየ፤ ገለጥ አድርጎ አየ። ሊቀመንበር ሆኖ «አልታየኝም» እንዴት ይላል? «በጣም ያምራል» አለና ጌታ አንበሳን ይዟቸው መጣ።

ጌታ አንበሳ ሸርጣኑን አነሡ። ከበሩ ፊት ያለውን አየር ቀጨም አደረጉት። ከአምናው የበለጠ እልልታ ሆነ፤ በቀቀን እንዲያውም አለቀሰ።

ጃርት ከሕዝቡ ተለይቶ ወደ ሸረሪት ተጠጋ። ሲያጨበጭብ የዋለ መዳፉ ቀልቷል።

«አምና እኮ ልናገርልሽ ነበር» አላት ቀስ ብሎ።

«እኔም ልናገር ነበር» አለችው።

ጃርት መዳፉን እያሻሸ «እንግዲህ ዘንድሮስ ማን ምን ጎዳ? ሁሉም ደስ ብሎታል» አለ።

ሸረሪት የሚያጨበጭቡትን መዳፎች፣ ሰኮናዎችና ክንፎች አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። አምና በክር የሠራቻቸው ሁሉ አሉ፤ አንድም የጎደለ አልነበረም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ ነበር አባቶቻችን» አለች። «እኛም አበርን፣ ጃርት። ለማጨብጨብ።»